ማኅበሩ ቁልፍ ያመጣልኛል?

የእህቴ ልጅ ሳዑዲ ልትሄድ ነው። ሥልጠናዋን ጨርሳለች፣ አሻራ ሰጥታለች፣ አሁን ቪዛ እየጠበቀች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን የሥልጠና ደብተሯን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ምንጣፍ በማሽን እንዴት እንደሚጸዳ ጽፋለች። ሸሚዝ ሲተኮስ ከየት እንደሚጀመር ጽፋለች። ሕፃን ስለማጠብ ሁለት ገጽ ሙሉ። ጽሑፏ ያምራል፣ ድሮም ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

"ደመወዝ ቢከለክሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"ኤጀንሲው ጋ እደውላለኋ። እምቢ ካሉ ኤምባሲ።"

"ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሆነሽስ?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። "የትኞቹ ሠራተኞች? ብቻዬን አይደል እንዴ የምሠራው፣ አክስቴ?"

ሳምንቱን ሙሉ ይቺ መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እውነቷን እኮ ነው። ፋብሪካ የገባ ሰው ከጎኑ የቆመውን ያያል። ምሳ አብሮ ይበላል፣ ደመወዝ ሲዘገይ አብሮ ያጉረመርማል፣ ማኅበር የሚባለው ነገር ከዚያ ማጉረምረም ነው የሚወለደው። እሷ የምትገባበት ቤት ግን ሠራተኛው አንድ ነው። እሷው ራሷ።

እኔ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ኖሬያለሁ። በ2003 ሄጄ የወደቡ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ፣ በ2013 መጀመሪያ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ዓመት የቤት ሠራተኞች ማኅበር አባል ነበርኩ። ሰው ይሄን ሲሰማ አንድ ጥያቄ አያጣም፤ "የእኛ ሴቶች ለምን አይደራጁም? ፊሊፒኖቹ ይደራጁ የለ?" ከዚያ መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ "የኛ ሰው አንድነት የለውም።"

ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል። ውሸት ስለሆነ።

ናባ የምትባል ሰፈር ለአራት በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን በወር ሃምሳ ሃምሳ ዶላር እቁብ እንጥል ነበር። አብዛኞቻችን ደመወዛችን ሁለት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። አንድም ቀን ግን ጎድሎ አያውቅም። የማርያም ማኅበርም ነበረን። ቀኑ 21 ሲሆን ሥራ ላይ ስለምንውል ሁሌ ወደሚቀጥለው እሁድ እንገፋው ነበር፤ ዳቦውን ዶራ ካለ ዳቦ ቤት አስጋግረን፣ ጠላ ባይኖርም በጭማቂ። ሰው ሲሞትስ? አንዲት ልጅ ከስድስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። ዘላ ይሁን ተገፍታ፣ ወይ በአንሶላ ልትወርድ ስትል አምልጧት፣ የነገረን የለም። ሬሳዋን አገር ቤት ለመላክ ብር ስናሰባስብ በሁለት እሁድ ሞላ። አይታት የማታውቅ ሴት ሃያ ዶላር ከጡት መያዣዋ አውጥታ ሰጥታኛለች።

ያቺው ሃያ ዶላር የሰጠችኝ ሴት ከወር በኋላ የማኅበሩን ፎርም ሳሳያት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። "እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት እህቴ፣ ተዪኝ" አለችኝ። ፈሪ ሆና አይደለም። ለሞተችው ማዋጣት ማንንም አያስቆጣም። በሕይወት ላለችው መቆም ግን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ ያሳጣል።

በነገራችን ላይ ይሄ የሞት ነገር የእኔ ሰፈር ብቻ ወሬ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ጥናት ከጥር 2007 ጀምሮ ባሉት ወራት ብቻ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ ሞተዋል። አርባዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ተመዝግቧል፣ ሃያ አራቱ ከፎቅ ወድቀው ነው። በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው።

እስቲ ወደ ሕጉ ልግባ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። (ከዚህ ወዲያ ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ሊባኖስ የሠራተኛ ሕጓን ያወጣችው በ1946 ነው። አንቀጽ 7 ላይ በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ ያደርጋቸዋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ማኅበር ውስጥ መግባት ይችላል ይላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ተቀምጠሽ ታዳምጫለሽ እንጂ እጅ አታወጪም ማለት ነው። ከሁሉም የከፋው "የሥራ ፈቃድ ያለው" የምትለዋ ናት። ፈቃዱ የተያዘው በአሠሪሽ፣ ካፊል በሚሉት ሰው ስም ነው። ቢመታሽ፣ ደመወዝ ቢከለክልሽና ከቤቱ ብትወጪ በዚያው ቀን ሕገ ወጥ ነሽ። ማኅበር ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግሽ ሰዓት ማኅበር የመግባት መብትሽ አብሮ ይጠፋል። ይሄን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ያቃጥለኛል።

እንዲህም ሆኖ ማኅበሩ ተመሠረተ። ፌናሶል የሚባለው የሊባኖስ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው ጥላ የሆነን። የውጭ ዜጋ ማኅበር መመሥረት ስለማይችል ለሚኒስቴሩ ማመልከቻውን ያስገቡት ስድስት ሊባኖሳውያን ናቸው፤ በታኅሣሥ 2014። ከዚያ መሥራች ጉባኤው ጥር 25 ቀን 2015 ቤይሩት ተደረገ። በእኛ ጥር 17 ቀን 2007፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ። ቀኑ እሁድ ነበር። ሌላ ቀን ሊሆን አይችልም ነበር።

አዳራሹን አሁን ድረስ አየዋለሁ። ከኢትዮጵያ፣ ከስሪላንካ፣ ከኔፓል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከማዳጋስካር የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች። ሁሉም አምሮባቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጋውን ለብሳ የምትውል ሴት እሁድ ስትለብስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተረከዝ ጫማ፣ የተተኮሰ ፀጉር፣ ሽቶ። ከጎኔ የተቀመጠችው የጎጃም ልጅ ንግግሩ ሲደረግ እጄን ይዛ "ምን አለ? ምን አለ?" ትለኝ ነበር። በአረብኛ ነበር የሚነገረው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ በፈረንሳይኛ። እኛ የምናውቀው አረብኛ የኩሽና አረብኛ ነው፤ "አምጪ፣ ውሰጂ፣ ፍጠኚ።" መብት፣ ውክልና፣ መዋጮ የሚሉት ቃላት ኩሽና ውስጥ አይነገሩም። በሹክሹክታ የገባኝን ያህል ነገርኳት። ግማሹ አልገባኝም ነበር። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያስቀረን። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የምታውቀው ወደ መድረኩ ትጠጋለች፣ የእኛ ልጅ ደግሞ ብዛታችን ከሁሉም ልቆ ሳለ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ታጨበጭባለች። ይሄን ለማኅበሩ ሰዎች በጊዜው ተናግሬያለሁ፣ ከፍቷቸውም ነበር፤ ግን ትክክል ነበርኩ።

የወቅቱ የሥራ ሚኒስትር ሰጅዓን አዚ ማኅበሩን አላውቀውም አሉ። ሕገ ወጥ ነው አሉ። እኔ ሊባኖስን እስከለቀቅኩበት ቀን ድረስ ዕውቅና አላገኘንም። አባል ሆነን፣ ካርድ ይዘን፣ ሕግ የማያውቀው ማኅበር።

ፎርሙ ላይ የፓስፖርት ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ነበር። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? አምስት ሴት ሳስሞላ አራቷ ቁጥሯን አታውቀውም። ፓስፖርቱ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አየር ማረፊያ ላይ የተቀበሏትን ፓስፖርት መልሳ አይታው አታውቅም።

በ2016 ኅዳር መጨረሻ ደግሞ ሱጃና ራና ተያዘች። ኔፓላዊት ናት፣ ከአስተባባሪዎቻችን አንዷ። ወረቀቷ የተሟላ ነበር። ከምትሠራበት ቤት ነው የወሰዷት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን ወደ አገሯ አባረሯት። ያ ቀን በዓለም ዙሪያ የሰብዓዊ መብት ቀን ተብሎ የሚከበር ነው። ለካ ወረቀት መኖሩም አያድንም፣ ብለን ዝም አልን። እሁድ እሁድ የሚመጡት ልጆች ቁጥር ሲሳሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ስልክ ስደውልላቸው "ትንሽ ነገሩ ይርጋ" ይሉኛል። እኔም ለሁለት ወር አልሄድኩም። እናቴ በየወሩ የምትጠብቀው ብር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ኮሌጅ ነበር።

አሁን ደግሞ በጣም የሚገርመኝን ልንገራችሁ። እኛን የሚያስመጡን ኤጀንሲዎች ማኅበር አላቸው። ዕውቅና ያለው፣ ጠበቃ የሚያቆም። በ2020 መስከረም ላይ የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ የሥራ ውል አወጣ። ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ ማቆም ትችላለች የሚል፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ የሚል፣ ከቀድሞው ጋር የማይወዳደር። የኤጀንሲ ባለቤቶቹ ማኅበር ለአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት አለና በሚቀጥለው ወር ጥቅምት ላይ ውሉ ታገደ። የሚሸጡን ሰዎች ማኅበር ፍርድ ቤት ገብቶ ሲያሸንፍ፣ የእኛ ማኅበር ለፍርድ ቤቱ የሚታወቅ ስም እንኳ አልነበረውም። ማኅበር ምን ይጠቅማል ለምትሉ መልሱ ይሄው። ጥቅሙን እነሱ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ግን ሕጉ ነገ ቢቀየር ሴቶቹ ይገባሉ ወይ? እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማው። እኔ ትልቁ እንቅፋት አንቀጽ 92 ነው አልልም። ትልቁ እንቅፋት በር ነው።

የመጀመሪያ ኮንትራቴን የሠራሁበት ቤት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ቆይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብቻዬን የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆሻሻ ልጥል። ማዳም ስትወጣ ከውጭ ትቆልፋለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ታምሜ አስታማኛለች። ብቻ ለወኪሉ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍላብኛለችና እንዳልጠፋባት ትፈራለች። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራበት ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት አለሽ ይላል። ውሉ ግን በአረብኛ ነው። የዕረፍቱ አጠቃቀም ደግሞ "በሁለቱ ስምምነት" ይሆናል ይላል። በር የቆለፈ ሰውና የተቆለፈበት ሰው ምን ብለው ነው የሚስማሙት? እሁድ ከሰዓት ክፍልሽ ገብተሽ ተኚ፣ ይሄ ነው ዕረፍቱ። ክፍል ከተባለ ነው እንግዲህ፤ እኔ የምተኛው ኩሽናው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነበር።

ማኅበር የገባነው እኛ ማን ነበርን? ኮንትራታችንን ጨርሰን ውጭ ቤት ተከራይተን በሰዓት የምንሠራ። ቁልፍ ያለን። እሁድ ያለን። የሜይ ዴይ ሰልፋችን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለሜይ 1 በቀረበው እሁድ ነው። ማኅበሩ በጣም የሚያስፈልጋት፣ ቤት ውስጥ የምታድረዋ ልጅ፣ ስሙንም አልሰማችም።

አሽራፊዬ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን የምሠራበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነበር። ከፊት ለፊቱ ያለው ሕንጻ ቅርብ ነው፣ መሃሉ አንዲት መኪና ብቻ የምታልፍበት መንገድ። በረንዳው ላይ አንዲት ልጅ ልብስ ስታሰጣ አየኋትና "ሀበሻ!" አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ አንሶላውን እያሰጣች፣ ፊቷን በአንሶላው ከልላ "ነኝ" አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት፣ ከመጣች አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ለሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ አወራን፣ አንዳንዴ ሦስት ቃል፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ። ደመወዟን የሰባት ወር አልከፈሏትም። "እናጠራቅምልሻለን" ይሏታል።

ስለ ማኅበሩ ነገርኳት። ሰው አለ፣ የሚከራከር አለ፣ ብቻሽን አይደለሽም አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። የትራስ ልብስ በእጇ እንደያዘች፣

"ቁልፍ ያመጣልኛል?" አለችኝ።

"ምን?"

"ማኅበሩ። ቁልፍ ያመጣልኛል ወይ?"

የምመልስላት አጣሁ። ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ ወረወርኩላት። የመጀመሪያው መንገድ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው በረንዳዋ ገባ። ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ ፈገግ አለች፣ በሩን ዘጋች። አልደወለችም። ከአንድ ወር በኋላ በዚያ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣው ሌላ ልጅ ነበረች፣ ባንግላዴሻዊት።

ሆንግ ኮንግ ያሉት የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶችም አሠሪ ቤት ነው የሚያድሩት። ሥራው ያው ነው፣ ምጣዱም ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ሕጉ ከሰባት ቀን አንዱን ዕረፍት ብሎ ይሰጣል፣ እሁድ የከተማው መሃል በእነሱ ይሞላል፣ የተመዘገበ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ስለዚህ "ፊሊፒኖቹ ይደራጁ የለ" ለሚለኝ ሰው፣ እሁድ ስጡንና እናያለን ነው የምለው።

በየአገሩ እንቅፋቱ ይለያያል። ሳዑዲና ኤምሬትስ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር ራሱ አይፈቀድም። ለአገሬው ሰውም ጭምር። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ "ሂጂና ማኅበር ግቢ" ማለት አልችልም።

እኛ ጋስ? አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማኅበር አላት እንዴ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በእኛ በ2011 የወጣው፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጪ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅም እንደዚሁ። አገራችን የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ቁጥር 87 ስምምነት ካጸደቀች ከ1963 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆናት። ልጅቷ ከገጠር መጥታ ቦሌ ሰው ቤት ስትሠራ ማኅበር ብሎ ነገር አልሰማችም፣ ከዚያ ቦሌ አየር ማረፊያ ገብታ ትበራለች። "የማን ማኅበር ነው? የገብርኤል?" ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ነበረች ናባ ውስጥ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ከየት ታውቀው?

ለዚህ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ስናገር ቆይቻለሁ። ልጅቷን አባል ማድረግ ያለብን ከመሄዷ በፊት ነው። ፓስፖርቷ እጇ ላይ ሳለ፣ በሩ ክፍት ሳለ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ መስማት ስትችል። ሥልጠና ጣቢያው ውስጥ ከካውያው ሥልጠና ጎን አንድ ጠዋት ለዚህ ይሰጥ። ኢሠማኮ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ይመዝግባት፣ ቁጥር ይስጣት፣ በወር አንድ ጊዜ የሚደውልላት ሰው ይኑር። ማኅበር በሚፈቀድበት አገር ከዚያው አገር ማኅበር ጋር ያገናኛት፣ በማይፈቀድበት ደግሞ ቢያንስ ሳትደውል ስትቀር "የት ገባች?" የሚል ይኑራት። ኤጀንሲዎቹ እዚህም ማኅበር አላቸው፣ ሚኒስቴር ጋ ገብተው ይነጋገራሉ። የእነሱ ጠረጴዛ ላይ የእሷ ወንበር ይጨመር ነው ያልኩት። ደግሞም እቁብን አትናቁ። ሊባኖስ የነበሩ አደራጆች በራሪ ወረቀት ሲበትኑ ነበር፤ እቁብ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ግን በአንድ እሁድ አሥራ ሁለት ሴት ያገኙ ነበር፣ የሚተማመኑ፣ ገንዘብ መቁጠር የሚያውቁ፣ አንዷ ስትቀር ለምን ቀረች ብለው የሚፈልጓት።

በ2020 ሰኔ ላይ፣ የሊባኖስ ሊራ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ልጆቹን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ማን ደረሰላቸው? ከ2017 ጀምሮ "እኛ ለእኛ በስደት" ብለው የተሰባሰቡት የእኛው ሴቶች ምግብ ሲያከፋፍሉ፣ ቤት ኪራይ ሲከፍሉ ነበሩ። አንድነት የላቸውም የሚባሉት ማለት ነው።

ቅዳሜ ማታ የእህቴን ልጅ አስቀመጥኳትና የሳዑዲ አረብኛ አስተማርኳት። ሳዑዲ ያሉ ጓደኞቼን ጠይቄ ነው፣ የእኔው የሊባኖስ ስለሆነ። የሳዑዲን አዲስ ደንብ ነገርኳት፤ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፣ ፓስፖርትሽን የመያዝ መብት የላቸውም። የሦስት ሴቶች ስልክ ቁጥር በቃሏ እንድትይዝ አደረግኩ። ስልክ ይወሰዳል፣ ወረቀት ይጠፋል። ከዚያ፣

"በይ በይው" አልኳት።

"አብጋ ኢጃዛ" አለች፣ ስኒዎቹን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ዕረፍት እፈልጋለሁ ማለት ነው።

"አልሰማሁም።"

"አብጋ ኢጃዛ።"

"ዞር በይና ዓይኔን እያየሽ።"

እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ዞረች፣ አየችኝ። ሳቋ መጣባት፣ ከዚያ ተወችው። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።